ለሐኪም መምህር የምርምር ገንዘብ፦ የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ግራንት እንዴት ይሠራል?

በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ደመወዙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ነው። በሽተኛ ያክማል። ተማሪና ሬዚደንት ያስተምራል። ከዚያ ደግሞ «ምርምርስ? ምን አሳተምክ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች ጠባቂ አላቸው። የራውንድ ሰዓት የታወቀ ነው፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና) ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ከሞርኒንግ፣ ማለትም ከጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ የቀረ ሲኒየር ወዲያው ይነቃበታል። ሦስተኛውን ሥራ ግን ዛሬውኑ የሚጠብቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ለነገ ይተላለፋል።

የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ግራንት ለዚህ ሦስተኛ ሥራ ተብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት ላይ ይለያል፣ ለመምህራኑ ጥሪ ያወጣል፣ ፕሮፖዛል ያስገመግማል፣ ላለፉት ይሰጣል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ውስጡ የገባ ሰው ግን ግራ ይጋባል። ገንዘቡ ለምን አነሰ? ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? ሰኔ ላይ ለምን ተመላሽ ይሆናል? ለአንዲት ቴርሞሜትር ለምን ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል? እዚህ ላይ አንድ በአንድ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጽፈው በዋናነት ስለ አገራችን የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ነው፤ ጥቁር አንበሳን፣ ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐዋሳን እያሰብኩ። የአሜሪካኑን አሠራር የማነሳው ለንጽጽር በሚጠቅምበት ቦታ ብቻ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የውስጥ ግራንት ትልቁ ችግር የብሩ ማነስ አይመስለኝም። ብር እየሰጠ ሰዓት አለመስጠቱ ነው።

ስለ ማን ነው የምናወራው?

ክሊኒካል መምህር ማለት ሕክምና እየሰጠ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ አንስቴዥያ የሚያስተምረው፣ በዋርድ ውስጥ ተማሪ ይዛ የምትዞረው የነርስና የሚድዋይፍ መምህርት፣ ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከባዮኬሚስትሪ ወይም ከኅብረተሰብ ጤና መምህር የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። የእነዚያ መምህራን ክፍል ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ ትምህርቱ ይካካሳል። የድንገተኛ ክፍል ግን አይዘጋም።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። የውስጥ ግራንት ደንቦች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት ለሁሉም መምህር በአንድ ዓይነት ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ መረጃ እንደሚሰበሰብ፣ በሴሚስተር መካከል ጽሑፍ እንደሚጻፍ ታሳቢ ይደረጋል። ሆስፒታል ክረምት የለውም። እንዲያውም ክረምት ላይ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ቁጥር ይጨምራል።

ምርምር ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1990 ኧርነስት ቦየር የተባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ የመምህር ምሁራዊ ሥራ አራት መልክ አለው ብለው ነበር። አዲስ እውቀት ማግኘት አንዱ ነው። ከተለያየ መስክ የተገኘን እውቀት ማዋሐድ ሁለተኛው ነው። እውቀትን ለተጨባጭ ችግር መፍቻ ማዋል ሦስተኛው፤ ማስተማርን ራሱን እንደ ጥናት ርዕስ ይዞ መመርመር ደግሞ አራተኛው። ከዚያ ወዲህ በብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የማዕረግ እድገት መመዘኛ ይህን ተከትሎ ሰፍቷል።

ለሐኪም መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሐኪሙ ላብራቶሪ ገብቶ ጂን እስኪያነብ መጠበቅ የለበትም። ከድንገተኛ ክፍል ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ለመግባት ለምን ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ መለካትና ማሳጠር ምሁራዊ ሥራ ነው። ኢንተርኖች የጀርባ ውሃ መቅዳትን መጀመሪያ በአሻንጉሊት ላይ ቢለማመዱ በሽተኛው ላይ የሚደጋገመው መርፌ ይቀንስ እንደሆነ ማጥናትም እንዲሁ። የቀዶ ሕክምና ቁስል ስንቱ ላይ እንደሚያመረቅዝ ከካርድ ቆጥሮ፣ አሠራር ቀይሮ፣ መልሶ መቁጠርም ይቻላል። እነዚህ ሥራዎች ብዙ ብር አይፈልጉም። የውስጥ ግራንት የሚያምርባቸው እነዚህ ናቸው። የሚያሳዝነው የጥሪው ቅጽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «መላምት»፣ «ናሙና»፣ «የላብራቶሪ ዘዴ» የሚሉ ክፍሎች ብቻ ይዞ ይመጣል። የጥራት ማሻሻያ ሥራ የያዘ ሐኪም ቅጹን ለመሙላት ሲል ሥራውን ያጣምመዋል።

ውጭ ገንዘብ እያለ የውስጡ ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የውጭ ገንዘብ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ መንግሥት በኤችአይቪ እርዳታ ፕሮግራሙ በፔፕፋርና በብሔራዊ የጤና ተቋማቱ በኩል፣ ኤንአይኤች በሚባሉት ማለት ነው፣ ሜፒ የተባለ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ለአምስት ዓመት ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ12 የአፍሪካ አገራት ላሉ የሕክምና ትምህርት ተቋማት መድቧል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። በዚያ ጊዜ ወጣት መምህራን ትንንሽ የምርምር ድጋፍ አግኝተዋል፣ ሥልጠና ወስደዋል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ መንገዳገዱ አልቀረም።

ኤንአይኤች ዛሬም በዓለም ትልቁ የሕክምና ምርምር ገንዘብ ሰጪ ነው። ከአነስተኞቹ ግራንቶቹ አንዱ አር 21 ይባላል። በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 275 ሺህ ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ይፈቅዳል። እኛ ጋ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለማግኘት ግን ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ምን ሠርተህ ታውቃለህ? የመነሻ መረጃህ የታለ?» ብሎ ነው። በአር 21 ደንብ የመነሻ መረጃ ግዴታ አይደለም፤ ያለው ሰው ግን ይቀድማል። ያንን የመነሻ መረጃ ማን ከፍሎ ይሥራልህ? የውስጥ ግራንት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሃምሳ በሽተኛ ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት፣ የተሞከረ መጠይቅ፣ የታተመች አንዲት አጭር ጽሑፍ ለትልቁ በር መግቢያ ይሆናሉ።

ሌላም ምክንያት አለ። የውጭ ገንዘብ የራሱን ርዕስ ይዞ ይመጣል። ኤችአይቪ፣ ቲቢና ወባ ገንዘብ አያጡም፤ ብዙ ሰው ስለሚገድሉ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ የቀዶ ሐኪም በሪፈራል ሆስፒታሉ የሚያየውን የተጠማዘዘ አንጀት፣ አንድ የአጥንት ሐኪም የሚያየውን በወጌሻ ታስሮ የጠቆረ እግር የሚያጠናለት የውጭ ድርጅት ማግኘት ይቸግረዋል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ማንም አይጠይቀውም።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ በቅርቡ ያየነው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በአንድ ጊዜ ተገታ። በግንቦት ወር ኤንአይኤች በአሜሪካ ተቋማት በኩል ወደ ውጭ አገር አጋሮች የሚሄደውን ንዑስ ግራንት አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ከእነሱ ጋር የሚሠሩ መምህራን ሠራተኛ ቀጥረው፣ በሽተኛ መዝግበው በመሐል መቆም ምን እንደሚመስል አዩ። የውስጥ ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ውሳኔው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይወጣል?

እኛ ጋ ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከሚመድበው በጀት ለምርምር የሚቆረጠው ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚያገኘው ገቢ ነው፤ ከውጭ ፕሮጀክቶች ላይ የሚቆረጠው ኦቨርሄድም እዚህ ውስጥ ይገባል። ኦቨርሄድ ማለት ፕሮጀክቱ ለሚጠቀምበት ቢሮ፣ መብራት፣ ፋይናንስና ጥበቃ ዩኒቨርሲቲው የሚያስቀረው ድርሻ ነው።

በአሜሪካ ይህ ድርሻ ግዙፍ ነው። በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ከቀጥተኛው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኤንአይኤች ይህን ወደ 15 ከመቶ አወርዳለሁ ሲል ዩኒቨርሲቲዎቹ ፍርድ ቤት ሮጡ፤ ፍርድ ቤቱም አገደው። ያን ያህል የጮኹት ያለ ምክንያት አይደለም። ኦቨርሄዱ ከቀነሰ ክፍተቱን የሚሞሉት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ለወጣት ሐኪሞች የሚሰጡት የውስጥ የመነሻ ገንዘብም የሚወጣው ከዚያው ኪስ ነው።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ከመንግሥት በጀት የሚወጣው ገንዘብ የመንግሥትን ሕግ ይከተላል። ግዢው በግዢ ደንብ ነው፣ አበሉ በአበል ደንብ ነው፣ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከራስ ገዝነት ብዙ ነገር ይጠበቃል። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠብቀው የምርምር ገንዘብ ከበጀት ዓመት አጥር ወጥቶ ከጥናቱ ዕድሜ ጋር እንዲሄድ ነው።

አንድ ፕሮፖዛል ከጎኑ ሆነን እንየው

ለማብራራት አንድ ምሳሌ ልፍጠር። አንዲት የሕፃናት ስፔሻሊስት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ከሌላ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተብለው የሚመጡ ጨቅላዎች ሲገቡ ቀዝቃዛ መሆናቸውን አይታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ36.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነን የጨቅላ ሙቀት እንደ መቀዝቀዝ ይቆጥረዋል። ከ32 በታች ሲወርድ ደግሞ ከባድ የሚባለው ደረጃ ነው። «ስንቶቹ ቀዝቅዘው ይመጣሉ? በምን ተጠቅልለው? ስንት ሰዓት ተጉዘው?» የሚለውን ማወቅ ትፈልጋለች። መልሱ ካለ በአምቡላንስ ውስጥ ከእናት ደረት ጋር አስጠግቶ ማምጣትን ማስተማር ይቻላል። ርካሽና ሕይወት አዳኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ ናሙና ታሰላለች። እዚህ ላይ የአገራችንን ፕሮፖዛል ያነበበ ሁሉ የሚያውቃት ቁጥር ትመጣለች፤ 384። ቀድሞ የተሠራ ጥናት ከሌለ ድርሻው 50 ከመቶ ይሁን ተብሎ፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነትና በ5 ከመቶ የስህተት ወሰን ሲሰላ የሚገኘው እሱ ነው። ለማይመልሱ 10 ከመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ችግሩ ቀድሞ የተሠራ ጥናት እያለም 384 ተገልብጦ ሲገባ ነው። ለምሳሌ በሌላ ሆስፒታል 60 ከመቶ ተገኝቶ ከነበረ ቁጥሩ ወደ 369 ይወርዳል። ገምጋሚ ይህን ሲያይ «ይህ ሰው አላነበበም» ይላል፤ ትክክልም ነው።

ቀጥሎ በጀት ነው። ሁለት ነርሶች መረጃ ይሰበስባሉ። ለአንድ የተሞላ ቅጽ 80 ብር ቢታሰብ፣ በ422 ሲባዛ 33,760 ብር ነው። ለሥልጠና አንድ ቀን፣ በሌላ ሆስፒታል ለሚደረገው ቅድመ ሙከራ ትራንስፖርት፣ ለኅትመት፣ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ መጨረሻ ላይ 10 ከመቶ መጠባበቂያ። ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልጋትም። መረጃውን በስልክ ለመሙላት ኮቦ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው ካለው እ.ኤ.አ. በ2004 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ሬድካፕ መጠቀም ትችላለች።

አሁን ቴርሞሜትሩ ላይ ቆም እንበል። በየዋርዱ የምናውቀው የመስታወት ቴርሞሜትር ንባቡ የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ 33 የሆነ ጨቅላ ላይ ቢደረግ 35 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዝቅተኛ ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋታል። ግዢ ክፍል ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ርካሹን ይወስዳል፤ ሕጉ ያዘዋል። በስፔሲፊኬሽኑ (በዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ላይ «ከ35 ዲግሪ በታች የሚያነብ» የምትለው ሐረግ ካልተጻፈች ርካሹ ቴርሞሜትር ይመጣል፣ በጣም የቀዘቀዙት ጨቅላዎች ከጥናቱ ውጤት ይሰወራሉ። ግዢ ክፍሉን መውቀስ አይቻልም። እነሱ የተጻፈላቸውን ነው የገዙት። ክሊኒካል መምህር ስፔሲፊኬሽኑን ራሱ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የዋጋው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ነፃ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ዋጋ በጀት አስጸድቀው ገንዘቡን የሚጠብቁ ተመራማሪዎች ሪኤጀንቱ (የላብራቶሪ ኬሚካሉ) በእጥፍ ጨምሮ ጠበቃቸው። የ10 ከመቶ መጠባበቂያ ይህን አይሸከምም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚፈልግ ጥናት በውስጥ ግራንት መሥራት አሁን በጣም ከባድ ነው። እውነቱን ለመናገር በካርድ፣ በምልከታና በቃለ መጠይቅ የሚሠራ ጥናት ላይ ማተኮር ይሻላል።

ኤቲክስ

ፕሮፖዛሉ በትምህርት ክፍሉ ታይቶ ወደ ኮሌጁ የኤቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ቦርድ፣ አይአርቢ ወደሚባለው ይሄዳል። የቦርዱ ጥያቄ ከግራንት ገምጋሚው ይለያል። ገምጋሚው «ገንዘቡ ይገባዋል ወይ?» ይላል። ቦርዱ «በሽተኛው ይጎዳል ወይ? ፈቃዱስ?» ይላል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተጠየቁ የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ የቆመው በዚህ መርህ ላይ ነው፤ በ2024 ለመጨረሻ ጊዜ ተሻሽሏል።

በምሳሌያችን ፈቃድ የምትሰጠው እናት ናት። እናትየው ግን ገና ከወለደች ቀን አልሞላትም፣ ልጇ ኦክስጅን ላይ ነው፣ ፊቷ የቆመችው ነጭ ጋውን የለበሰች የልጇ ሐኪም ናት። «እምቢ ካልኩ ልጄን አያክሙልኝም» ብላ ብታስብ ማን ይፈርድባታል? ፈቃዱን የሚጠይቀው ሕክምናውን የማይሰጥ ሰው ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። ክሊኒካል መምህር ከሌላ ተመራማሪ የሚለይበት ሌላው ቦታ ይህ ነው። በሽተኛው የራሱ በሽተኛ ነው።

ከካርድ ብቻ መረጃ የሚወስድ ጥናት ቀለል ይላል። ቢሆንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የበሽተኛን ስምና ካርድ ቁጥር በግል ላፕቶፕና በቴሌግራም ይዞ መዞር የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሕግ ጉዳይ ነው።

ሰኔ 30

የአንድ ዓመት ጥሪ ብዙ ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ጥሪው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይወጣል። ፕሮፖዛል ኅዳር ይገባል። ግምገማው ታኅሣሥና ጥር ይወስዳል። ኤቲክስ የካቲትና መጋቢት። ውል መፈረም ሚያዝያ። የመጀመሪያው ክፍያ ግንቦት ላይ ይለቀቃል፤ እሱም ሙሉው ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ከሚሰጠው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል።

ወጪው ካልተወራረደ ሁለተኛው ዙር የለም። ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ነው። ሐኪሟ በእጇ ያለው አምስትና ስድስት ሳምንት ነው። ለጨቅላዎች አስቸጋሪው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ፕሮፖዛሉ ጠረጴዛ ላይ ሳለ አልፏል። ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ወይ መረጃውን በጥድፊያ ይሰበስባል፤ ጥራቱ ይወርዳል። ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። ዓመቱ ሲዘጋ ሪፖርቱ ላይ «መምህራን የተመደበላቸውን የምርምር በጀት አልተጠቀሙም» ተብሎ ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ይቀነሳል። ያ የሪፖርት ዓረፍተ ነገር በጣም ያናድደኛል። መምህሩ አልተጠቀመም ሳይሆን አልደረሰበትም።

መፍትሔው የሚያስቸግር አይደለም። ጥሪው ሚያዝያ ላይ ይውጣ፤ ግምገማና ኤቲክስ በክረምቱ ይጠናቀቁ፤ ገንዘቡ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ አዲሱ በጀት ሲከፈት ይለቀቅ። ተመራማሪው አሥርና አሥራ አንድ ወር ያገኛል። ግራንቱ የሁለት ዓመት ከሆነም የሁለተኛው ዓመት ድርሻ ከወዲሁ በዕቅድ ይያዝ። የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያ ማዞር ብቻ ነው።

ሰዓቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በአሜሪካ ኬ 23 የሚባል የኤንአይኤች ግራንት አለ። በሽተኛ ላይ ምርምር ለሚያደርጉ ጀማሪ ሐኪሞች ነው። የዚህ ግራንት ከባዱ ሁኔታ ሐኪሙ ከሥራ ሰዓቱ ቢያንስ 75 ከመቶውን ለምርምርና ለምርምር ሥልጠና እንዲያውል ማስገደዱ ነው። ለአንዳንድ የቀዶ ሕክምና ዘርፎች እስከ 50 ከመቶ ዝቅ ሊል ይችላል። ግራንቱ ከደመወዙ ላይ ይከፍላል፤ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ ሰዓቱን እንደማይነካበት ፈርሞ ይገባል። የተጠበቀ ሰዓት ይሉታል።

እኛ 75 ከመቶ አንጠይቅም። አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ አራት ስፔሻሊስት ቢኖሩና አንዱ ቢወጣ ሩቡ ሥራ ሦስቱ ላይ ይወድቃል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው «ማን ሊያክም ነው?» ሲል ሐቅ አለው። በር ላይ የተሰለፈው በሽተኛ ከወረቀት ይቀድማል። ስለዚህ ሰዓት ስጡን ብሎ መጮኽ ብቻውን ባልደረባን ማስጨነቅ ነው።

ግራንቱ ግን ለመረጃ ሰብሳቢ ከከፈለ፣ ለተተኪ ሐኪም ለምን አይከፍልም? በሳምንት ግማሽ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት እንበል፣ ዋርዱን ለሚሸፍን ባልደረባ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በበጀቱ ውስጥ ቢገባ ባልደረባው አይበደልም፣ በሽተኛው አይጓደልበትም፣ ተመራማሪውም በወር ሁለት ሙሉ ቀን ያገኛል። ትንሽ ይመስላል። የአንድ ካርድ ጥናት መረጃ ለማጽዳትና ለመጻፍ ግን በቂ መነሻ ነው።

የምንሸሽገውም ነገር አለ። የሐኪም መምህር ደመወዝ ቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት አይችልም። ስለዚህ ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል። ምርምር የሚወዳደረው ከእንቅልፉ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከልጆቹ እንጀራ ጋርም ነው። «ደመወዝ ያለው ሰው ለምርምር ሌላ ለምን ይከፈለዋል?» የሚል ክርክር እሰማለሁ። በሥራ ሰዓት ለሚሠራው ልክ ነው። ከምሽት አምስት ሰዓት በኋላ ለሚጻፈው ግን ማን ይከፍላል? የውስጥ ግራንት ለተመራማሪው ራሱ በግልጽ፣ በደንብ፣ በልክ ቢከፍል አሳፋሪ አይደለም። አሳፋሪው ክፍያው በአበልና በሐሰተኛ የመስክ ቀን ስም ሲደበቅ ነው። ይህ የሚመጣው ደግሞ ደንቡ እውነተኛውን መንገድ ሲዘጋ ነው።

ማን ይገመግማል?

በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። ገምጋሚው የቀድሞ መምህርህ፣ ወይ ለኃላፊነት የተወዳደርከው ሰው ሊሆን ይችላል። ስም ደብቆ ማስገምገም ይረዳል፤ በአገር ውስጥ ያሉ የአንድ ዘርፍ ሐኪሞች ግን በርዕሱ ብቻ ይተዋወቃሉ። የተሻለው የጎንደሩን ለጅማ፣ የሐዋሳውን ለመቀሌ መስጠት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም አሉ። ብዙዎቹ «አገሬን በምን ልርዳ?» ይላሉ። በዓመት ሁለት ፕሮፖዛል በጥንቃቄ አንብቦ ሁለት ገጽ አስተያየት መጻፍ ትልቅ እርዳታ ነው። ለወደቀው አመልካች በተለይ። «አልተቀበልነውም» ብሎ ብቻ መመለስ ሰውን ሁለተኛ እንዳይሞክር ያደርገዋል።

ስለ ማሳተም አንድ ነገር ብቻ ልበል። በውስጥ ግራንት ላይ የኅትመት ክፍያ ብለው ብዙ ዶላር የሚያስቡ አሉ። ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገራት የምርምር ጽሑፍ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ዝርዝር የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላለች ብዙ ታዋቂ የኦፕን አክሰስ (ለአንባቢ ነፃ የሆኑ) ጆርናሎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ሲያስገቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናልም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ። «በሦስት ቀን እናትምልሃለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ግን ገንዘቡም ሥራውም ውሃ በላው ማለት ነው።

ዘንድሮ ለማመልከት ለምታስቡ

ጥሪውን አትጠብቁ። ጥሪ ሲወጣ የሚሰጠው ሦስትና አራት ሳምንት ነው፤ ዱቲ ያለበት ሰው በዚያ ውስጥ ፕሮፖዛል አይጽፍም። ጥያቄያችሁን አሁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ባልደረባ ከመረጃ በኋላ ሳይሆን ከመረጃ በፊት አግኙ። የኤቲክስ ማመልከቻውን ቦርዱ ከፈቀደ ከግምገማው ጎን ለጎን አስገቡ። ከሬዚደንቶቻችሁ ጋር የምትሠሩ ከሆነ የጽሑፉ ደራሲዎች ቅደም ተከተል መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። በኋላ የሚነሳው ጠብ ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል።

ከሁሉ በፊት ግን የትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁ ጋ ገብታችሁ ደብዳቤ አስፈርሙ። «ምርምሩን እንደግፋለን» የሚል ደብዳቤ አይደለም፤ እሱ ለማንም ይጻፋል። ደብዳቤው ላይ የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ወር የሚለው ይቀመጥ። በዚያ ሰዓት ዋርዱን የሚሸፍነው ሐኪም ስምና ክፍያውም ይጻፍ። ኮሌጆችም ይህ ደብዳቤ ያልተያያዘበትን ፕሮፖዛል ወደ ግምገማ አናስገባም ይበሉ።